ደብዳቤያችን በሰው እጅ ይሂድ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ የብዙዎቻችንን የይግባኝ ደብዳቤ ስለሚመለከት ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እዚህ ሀርጌሳ ያሉ አንዳንድ ልጆቻችን አሮጌ ላፕቶፕ ሜይል ሰርቨር አድርገው፣ ዶሜይን ገዝተው፣ ኢሜይላችንን ከቤት መላክ ጀምረዋል። ጎበዞች ናቸው። ምክንያታቸውም ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን የኢሳት ጋዜጠኞች በስለላ ሶፍትዌር መታደናቸውን አጋለጠ። በ2017 ደግሞ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል በመጣ ሊንክ የውሸት የፍላሽ ማሻሻያ እንዲጭኑ መሞከሩን ይፋ አደረገ። ይህን የሰማ ስደተኛ ምስጢሩን በራሱ ቤት ማስቀመጥ ቢፈልግ አይፈረድበትም። (በነገራችን ላይ የቤት ሰርቨር እንዲህ ያለውን ወጥመድ አያስቀርም። ወጥመዱ የሚከፈተው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው።)

የማልስማማው አንድ ነገር ላይ ነው። «ኢሜይሉም ከቤታችን በቀጥታ ይውጣ፣ ማንም አይንካው» ይላሉ። እኔ ደግሞ መቀበሉ በቤት ይሁን፣ መላኩ ግን በሌላ እጅ ይሁን እላለሁ።

ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ሰርቨር ከሰርቨር የሚነጋገርበትን ፖርት 25 ለቤት ደንበኛ ይዘጋሉ። ባይዘጋም እንደ ስፓምሃውስ ያሉ ተቋማት የቤት አይፒ አድራሻዎችን በጅምላ ይመዘግባሉ። ይህ የጥፋተኝነት ክስ አይደለም፤ «ከዚህ አድራሻ በቀጥታ ኢሜይል መምጣት የለበትም» ማለት ብቻ ነው። ተቀባዩ ግን አይቶ በሩን ይዘጋል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ጂሜይል ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም የሌለውን፣ አይፒውም ወደ ስም የማይመለስለትን ላኪ እየጠበቀበት ነው። ያንን የመመለሻ ስም የሚያስገባው የአይፒው ባለቤት ነው፤ ለቤት ደንበኛ ደግሞ ማን ያስገባለታል?

አንዲት እናት ለአንድ መሥሪያ ቤት ይግባኝ ልካ ሳምንታት ጠበቀች። «አልደረሰንም» አሏት። ደብዳቤው ስፓም ውስጥ ተኝቶ ነበር። ቀነ ገደብ ላለበት ጉዳይ በኩራት አይቀለድም።

ደግሞስ በሰው እጅ መላክ መቼ ነው ነውር የሆነብን? አገር ቤት ፖስታ በየቤቱ አይታደልም፤ የመሥሪያ ቤት ወይም የዘመድ ሣጥን ቁጥር ሰጥተን ኖረናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያም፣ ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ሳይገባ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን የነበረው ፓዲስ የሰዎችን ኢሜይል ይሰበስብ ነበር። ከዚያ በስልክ መስመር ለንደን ላለው ግሪንኔት ያስረክባል፤ ግሪንኔት ወደ ዓለም ያደርሰዋል። ሪሌይ የምንለው ይኸው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፖስትፊክስ የምትጠቀሙ «ሪሌይሆስት» በሚለው መስመር የአስተላላፊውን ስም ታስገባላችሁ፤ በፖርት 587፣ በስምና በይለፍ ቃል፣ በቲኤልኤስ። አስተላላፊውን በዶሜይናችሁ ኤስፒኤፍ መዝገብ ላይ መጨመር እንዳትረሱ፤ አለዚያ የራሳችሁን መልእክተኛ ራሳችሁ የካዳችሁት ይመስላል። መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ፖስትፊክስ ያልሄደውን ኢሜይል እስከ 5 ቀን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል።

ልጆቹ የሚያነሱት አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ አልክድም። ቲኤልኤስ የሚጠብቀው መንገዱን እንጂ ማረፊያውን አይደለም። አስተላላፊው ከፈለገ ኢሜይሉን ማንበብ ይችላል። ስለዚህ የምስክርነት ቃልና የሕክምና ወረቀት በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፋይል ይሂድ፤ ቁልፉም በስልክ ይነገር። ይህ ግን በቀጥታ ለተላከም ያው ነው። ተቀባዩ ጂሜይል ከሆነ ደብዳቤያችሁ የሚያርፈው ጉግል ቤት ነው።

ለመሥሪያ ቤት ጽፋችሁ መልስ ያጣችሁ ካላችሁ፣ ሰርቨሩን ለያዙት ልጆች ንገሩና የመላኪያ መዝገቡን ያሳዩአችሁ። የመልሱ ቁጥር በ4 ከጀመረ ገና እየተሞከረ ነው፤ በ5 ከጀመረ ተቀባዩ አልቀበልም ብሏል፣ በሌላ መንገድ ዛሬውኑ ላኩ። የተመለሰውን መልእክት ግን እንዳትሰርዙት። ቀኑና ሰዓቱ በሰዓቱ ለመላካችሁ ማስረጃ ነውና አትማችሁ ከፋይላችሁ ጋር ያዙ።