ያልታሰረ ጭነት የጤና ጠንቅ ነው

ጤና ማለት ከተላላፊ በሽታ መራቅ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ስለ ውሃ ማፍላትና ስለ እጅ መታጠብ ስንጽፍ የሚቀበሉን ሁሉ፥ ዛሬ ስለ ጭነት መኪና ብንጽፍ ይገረሙ ይሆናል። ነገር ግን እግሩ በወደቀ ጆንያ የተሰበረ ወዛደር እንደ ታመመ ሰው ከሥራው ይቀራል፤ ቤተ ሰቡም የዕለት እንጀራውን ያጣል። ስለዚህ ነገሩ የጤና ነገር ነው እንላለን።

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርስ ባለ ተሳቢ መኪና ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ጠመዝማዛው፥ ጉድጓዱና ድንገተኛው ፍሬን ጭነቱን ከስፍራው ያናውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ያጸደቁት መመሪያ፥ በመንገድ የሚጓዝ ጭነት ወደ ፊት ከክብደቱ ከ10 እጅ 8ቱን፥ ወደ ጎን ደግሞ ግማሹን የሚያህል ግፊት እንዲቋቋም ሆኖ እንዲታሰር ይጠይቃል። እንግዲህ 1,000 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ፍሬን ሲያዝ የ800 ኪሎ ያህል ግፊት ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ሸራ ከዝናብ ይጠብቅ እንደ ሆነ እንጂ ይህን ግፊት አይችልም።

ሰው ግን የሚዘናጋው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። በመንገድ የተንሸራተተው ጭነት በበሩ ወይም በስፖንዳው ላይ ተደግፎ ይቆያል። መቀርቀሪያው ሲከፈት ደጋፊው ይነሣል፤ ጭነቱም በከፋቹ ላይ ይወርዳል።

ስለዚህ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ለጎማውም ታኮ ይደረግ። የሚከፍተው ሰው ከጎን እንጂ ከበሩ ፊት ለፊት አይቁም፤ ኮንቴይነር ሲሆን አንዱን በር ብቻ በዝግታ ገርበብ አድርጎ ውስጡን ይመልከት። ስፖንዳው ወደ ውጭ ካበጠ አይከፈት፤ ጭነቱ በሌላ ወገን ይራገፍ። ዕቃው ከላይ ወደ ታች በተራ ይነሣ እንጂ ከሥር አይሳብ። የሚወድቀውን ዕቃ በትከሻ ለመደገፍ መሞከር ከቶ አይገባም። ሕፃናትና አላፊ አግዳሚም ከስፍራው ይራቁ።

አንዳንዶች «ወዛደሩ ራሱ ይጠንቀቅ» ይላሉ። እኛ በዚህ ብቻ አንስማማም። ጭነቱን ሳያስር የላከው እርሱ አይደለም፤ በኩንታል ቁጥር የሚከፈለው ከሆነም ለጥንቃቄ የሚያጠፋው ጊዜ ከገንዘቡ ይጎድልበታል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፥ ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳውና የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጠው ያዛል። ይህ ትእዛዝ በመጋዘን ደጃፍም መከበር አለበት።

ስለዚህ ባለ ንብረቱ የማሰሪያውን ዋጋ አይሰስት፤ ሾፌሩ በየማረፊያው ገመዱንና ሰንሰለቱን ይፈትሽ፤ ተቀባዩም በሩ እስኪመረመር ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይታገሥ። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይለቀምም።