ውሕደት ወይስ መዋጥ? ስለ ተማሪዎች የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ክበባት

በአዲስ አበባ ከሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሰሞኑን ክርክር ተነሥቶ ሐሳቤን እንዳካፍል ተጠይቄ ነበር። በትምህርት ቤቱ ስለ ዓለም ጉዳይ የሚወያዩ ሦስት የተማሪ ክበባት አሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ክበብ፣ የአፍሪካ ኅብረት ክበብ እና የዓለም አቀፍ ጉዳዮች የክርክር ክበብ። ሦስቱም ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ አዳራሽ ይሻማሉ። አስተዳደሩ «ወደ አንድ ይጠቃለሉ» ይላል። ከሦስቱ ትንሹ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ክበብ ደግሞ «ከተጠቃለልን እንጠፋለን» ብሎ ይሰጋል። ነገሩ የአዳራሽ ድልድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ክበባቱ መዋሐድ አለባቸው፤ አስተዳደሩ ባሰበው መንገድ ግን አይደለም።

መዋሐዳቸው ለምን ይጠቅማል? የዓባይን ግድብ ጉዳይ እንውሰድ። ጉዳዩ በሰኔ 2012 እና በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርቧል። ምክር ቤቱ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ሦስቱ አገሮች በአፍሪካ ኅብረት መሪነት ወደሚካሄደው ድርድር እንዲመለሱ አሳሰበ። እንግዲህ ኒው ዮርክን ብቻ የሚያውቅ ተማሪም ሆነ አዲስ አበባን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ የታሪኩን ግማሽ ነው የያዘው። የግብፅን ወንበር ይዞ፣ የማያምንበትን አቋም በቅንነት ተከራክሮ የማያውቅ ተማሪ ደግሞ የራሱን አገር አቋም ጥንካሬ እንኳ በውል አይረዳም። ሦስቱ ክበባት አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ።

ይሁን እንጂ የውሕደት ዋጋው በአፈጻጸሙ ነው። በዚህ ረገድ ተማሪዎቹ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ይህችው ከተማ ታስተምራቸዋለች። ከ1955 ዓ.ም. በፊት ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው ተከፍለው ነበር። ንክሩማ አህጉራዊ መንግሥት በአስቸኳይ ይቋቋም ሲሉ፣ ሌሎቹ ቀስ በቀስ እንጓዝ ይሉ ነበር። የዚያን ጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከተማ ይፍሩ ሁለቱን ወገኖች ለማቀራረብ ብዙ ደክመዋል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጸደቀው ቻርተር ማንንም ሙሉ በሙሉ ያላረካ፣ ነገር ግን ማንንም ያላጠፋ ስምምነት ነበር።

ቻርተሩ እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። «በአባል አገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት» የሚለው መርሕ አባላቱን እርስ በርስ ከመተራረም አግዷቸዋል። ኢዲ አሚን በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የድርጅቱ ሊቀመንበር እስከ መሆን የደረሱት በዚህ ዝምታ ነው። በ1992 ዓ.ም. የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሰነድ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ኅብረቱ ጣልቃ መግባት እንደሚችል የደነገገው ከዚህ ተምሮ ነው። መተራረም የሌለበት አንድነት ማኅተምና ሰንደቅ ብቻ ነው።

በአገራችን ፖለቲካ ደግሞ ሕመሙ የከፋ ነው። አራት ፓርቲዎች የመሠረቱት ቅንጅት በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ያን ያህል ሕዝብ ካነቃነቀ በኋላ፣ ከውጭ የደረሰበት ጫና እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በውሕደቱ ጥያቄ ላይ ራሱ ተሰነጠቀ። ሳንዋዋጥ መዋሐድ፣ ሳንጠላላም መለያየት አልሆነልንም። ይህን ጥበብ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያልተለማመደ ሰው በአርባ ዓመቱ ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ የምመክረው የሚከተለውን ነው። አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ይኑር፤ ሦስቱ ክበባት ስማቸውን እንደያዙ በሥሩ ንዑሳን ጉባኤያት ይሁኑ። ሊቀመንበርነቱ በየመንፈቀ ዓመቱ ይዙር፤ የአባላቱ ቁጥር ሚዛን አይሁን። የልዩነት ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ በሚኒ ሚዲያም ይነበብ። መተዳደሪያ ደንቡን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይጻፉት፤ አማካሪው መምህር ያማክር እንጂ አይዘዝ።

«ተማሪ ትምህርቱን ይማር፣ ፖለቲካ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ወላጆችና መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ። ስጋታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም፤ በዚህች አገር ብዙ ወጣት በፖለቲካ ምክንያት ተቀጥፏል። ነገር ግን ያ ትውልድ የጠፋው ስለተከራከረ ሳይሆን ክርክሩ በጥይት ስለተተካ ነው። ልጆቻችንን ከጥይት የምናርቃቸው አፋቸውን በመዝጋት አይደለም፤ ተቃዋሚያቸውን እስከ መጨረሻው ሰምተው መልስ መስጠትን በማስለመድ ነው።

የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ውሳኔውን ከማሳለፉ በፊት ሦስቱን ክበባት በዚያው አዳራሽ ሰብስቦ ያነጋግራቸው። የውሕደቱ የመጀመሪያ አጀንዳ ራሱ ውሕደቱ ይሁን። ትንሹ ክበብ ተሰምቶ ከተሸነፈ ሽንፈቱን ይቀበላል፤ ሳይሰማ ከተጠቃለለ ግን ተማሪዎቹ ይዘውት የሚወጡት ትምህርት «አንድነት የጉልበተኛ ነው» የሚል ይሆናል። ይህን ትምህርት እኛ ጠግበነዋል፤ ለእነርሱ አናውርሳቸው።

ቸር ይግጠመን።