ከያኒን በየመደቡ ስለ ማስቀመጥ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሰው ስም በመልአክ ይውጣ አይውጣ ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ የመደብ ስም ግን እንደ እኛው ባለ ሰው እጅ የሚወጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰው ያወጣው ስም ደግሞ ሊስት ይችላል፤ ከሳተም በኋላ ብዙ ሰው ያሳስታል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲያዩት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ብቻ ሥራ ይመስላል፤ ይኸውም ውክፔዲያ በተባለው የጋራ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ዘፋኞች፣ ተዋንያንና ሙዚቀኞች በየትኛው መደብ ሊጻፉ ይገባል የሚለው ነው።

ይህ መዝገበ ዕውቀት በጥር ወር 1993 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ. 2001) በአሜሪካ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ አማርኛን ጨምሮ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይዘጋጃል። አብዛኞቹ ጸሐፊዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ናቸው፤ የሚያነበው ሰው ሁሉ ሊጽፍበትና ሊያርመውም ይችላል። በ1996 ዓ. ም. ደግሞ መደብ የሚባለው አሠራር ተጨመረበት። አሠራሩ ቀላል ነው። ስለ አንድ ሰው የተጻፈው ጽሑፍ ሲያልቅ «መደብ» የሚለው ቃልና የመደቡ ስም ከግርጌው ይጻፋል፤ ወዲያውም የሰውየው ስም በዚያ መደብ ካሉት ከሌሎቹ ስሞች ጋራ በፊደል ተራ ይሰለፋል።

«ስም ጽፎ መፈለግ እያለ መደብ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን ስም ጽፎ የሚፈልግ ሰው ስሙን አስቀድሞ የሚያውቅ ነው። ፒያኖ በመጫወት የታወቁ ኢትዮጵያውያን እነማን እንደ ነበሩ ለመማር የሚሻ ተማሪ፣ በ2015 ዓ. ም. በኢየሩሳሌም ያረፉትን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ስም ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ምን ብሎ ይፈልጋቸዋል? መደቡ በትክክል ከተሠራ ግን የማያውቀውን ስም ያገኘዋል። ከዚህም በላይ ዛሬ ይህን መዝገብ የሚያነበው ሰው ብቻ አይደለም፤ የኮምፒዩተር መሣሪያዎችም ያነቡታል፣ ለሚጠይቃቸውም ሰው ከዚያ ባገኙት ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ መደብ እንግዲህ በአንድ ገጽ ብቻ አይቀርም ማለት ነው።

ሥራው በምን ሚዛን ይሠራ? ከሁሉ አስቀድሞ መደብ መደርደሪያ አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። በቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ የሚቆመው በአንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው፤ ካርዱ ግን በሦስትና በአራት ሣጥን ሊገባ ይችላል። መደብም እንደ ካርዱ ነው። ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ክራር ደርዳሪ፣ ዘፋኝና ተዋናይት ነበሩ። ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሁለቱን መተው በእርሳቸው ላይ ግፍ፣ በአንባቢውም ላይ በደል ነው። በሦስቱም መደብ ቢጻፉ ግን ማንም አይጎዳም።

ይሁን እንጂ ይህን መብት ያለ ልክ የሚጠቀምበት አለ። ሰው በዕድሜው ብዙ ሥራ ይሠራል፤ የሠራው ሁሉ ግን መታወቂያው አይሆንም። ኃይሉ መርጊያ በዋልያስ ባንድ ኦርጋንና አኮርዲዮን በመጫወት የታወቁ ሙዚቀኛ ናቸው፤ በኋላም በአሜሪካ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል። የታክሲ ነጂነታቸው በሕይወት ታሪካቸው ሊጻፍ የሚገባው፣ የሚያስከብርም ነገር ነው፤ «የታክሲ ነጂዎች» የሚል መደብ ግን አያስፈልጋቸውም፤ ስለ እርሳቸው የጻፈ ሁሉ የሚያነሣቸው በሙዚቃቸው ነውና። የእንግሊዝኛው መዝገብ ደንብም ይህንኑ ይላል፤ መደብ የሚሰጠው የታመኑ ጸሐፊዎች ሰውየውን ዘወትር በሚገልጹበት ነገር ነው።

ከዚሁ ጋራ የሚሄድ ሌላ ደንብ አለ፤ ተዋናይን በተጫወተበት ቴአትር ወይም ፊልም መመደብ አይገባም። ደበበ እሸቱ እ. ኤ. አ. በ1973 «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ተጫውተዋል። ይህ በታሪካቸው መጻፍ አለበት፤ በፊልሙም ገጽ ከተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው መግባት አለበት። ለእያንዳንዱ ፊልምና ለእያንዳንዱ ቴአትር መደብ ይውጣ ቢባል ግን፣ በመድረክ 40 ዓመት የቆየ ተዋናይ ከጽሑፉ ግርጌ የሚንጠለጠለው መደብ ከጽሑፉ ይረዝማል። መደብ ሲበዛ ደግሞ እንደ ሌለ ይቆጠራል። በሌላ በኩል በ1927 ዓ. ም. በተመሠረተው በሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ለብዙ ዓመታት ተቀጥሮ የኖረ ከያኒ፣ ቴአትር ቤቱ ያደገበት ቤቱ ስለሆነ፣ በዚያ ስም ቢመደብ የሚያስነቅፍ አይመስለኝም። አንድ ምሽት መጫወትና ዕድሜን ማሳለፍ አንድ አይደሉምና።

ከሁሉ የከበደው ነገር ሰውን የመለየት ጉዳይ ነው። በሚያዝያ ወር 2005 ዓ. ም. አማንዳ ፊሊፓቺ የተባሉ አሜሪካዊት ደራሲ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ አንድ ነገር ገለጡ። በእንግሊዝኛው መዝገብ ሴቶች ደራስያን «የአሜሪካ ልብ ወለድ ደራስያን» ከሚለው መደብ አንድ በአንድ እየወጡ «የአሜሪካ ሴቶች ልብ ወለድ ደራስያን» ወደሚለው ይዛወሩ ነበር፤ ወንዶቹ ግን በዋናው መደብ እንደ ተቀመጡ ቀሩ። ይህንንም የሠሩት ሰዎች ዝርዝሩ ስለ ረዘመ ማሳጠራቸው እንጂ ክፋት አላሰቡ ይሆናል። ውጤቱ ግን ደራሲ ማለት ወንድ ነው እንደ ማለት ሆነ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ስለ ሴቶች ከያንያን ለሚያጠኑ ሰዎች ልዩ መደብ ማውጣት ይቻላል፣ ዳሩ ግን ከዋናው መደብ ማንንም ማስወጣት አይገባም።

ስለ ተዋንያን ቋንቋዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። የእንግሊዝኛውና የፈረንሳይኛው መዝገብ ወንዱንና ሴቲቱን ለየብቻ ይመድባሉ፤ የጀርመንኛው ግን በሙያ መደብ አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። የእኛው ቋንቋ «ዘፋኝ» ሲል ወንድ ሴት አይልም። እንግዲህ ቋንቋችን ያላስገደደንን መለያየት ከእንግሊዝኛው ገልብጠን ማምጣት ለምን ያስፈልገናል?

በዘርና በሃይማኖት መመደብም ከዚህ የሚብስ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ጥላሁን ገሠሠ በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍነዋል። በየትኛው ቋንቋ እንደ ዘፈኑ ሸክላው ይመሰክራል፤ ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ መደብ ቢጻፉ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ወጣት ጸሐፊ ተነሥቶ፣ ከስም ወይም ከትውልድ መንደር ተነሥቶ በግምት፣ በሕይወት ያለ ከያኒን «ይህ የእነ እገሌ ነው» ብሎ ቢመድብ፣ መዝገቡን የዕውቀት ሳይሆን የክርክር አደባባይ ያደርገዋል። ማስረጃ ያለውን መጻፍ ዕውቀት ነው፤ በግምት መጻፍ ግን ሰውየው ባልተጠየቀበት መፍረድ ነው። ሰውየው ራሱ በአደባባይ ያልተናገረውንና ከሥራው ጋራ ግንኙነት የሌለውን ነገር መደብ ማድረግ ከቶ አይገባም።

አሁን ደግሞ ቀላል ወደሚመስለው ወደ ፊደል ተራ ልለፍ። የአውሮፓ ሰው በቤተሰብ ስም ይሰለፋል። በዚያው ልማድ ሙላቱ አስታጥቄን «አስታጥቄ፣ ሙላቱ» ብሎ መጻፍ ግን ልጁን ፈልጎ አባቱን መጥራት ነው። የአይስላንድ ሰዎችም እንደ እኛ የአባት ስም ስለሚከተሉ በራሳቸው ስም ይሰለፋሉ፤ ስለዚህ ልማዳችንን ማስከበር አዲስ ነገር መጠየቅ አይደለም። ማዕረግንም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «አርቲስት» የሚለው ቃል በእያንዳንዱ ስም ፊት ከገባ፣ ዘፋኙም ተዋናዩም ሠዓሊውም ሁሉ በ«አ» ሥር ይታጨቃሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም በክብር ስማቸው ይጠሩ፤ በተራው ግን በ«ጽ» ይፈለጉ።

የሞክሼ ፊደላት ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ኮምፒዩተር ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው። «ኃይሉ» በሦስት ዐይነት «ሀ» ቢጻፍ በሦስት ቦታ ይወድቃል። የበገና ደርዳሪው የዓለሙ አጋ ስም በ«ዐ» ሲጻፍ ከ«ወ» በኋላ፣ በ«አ» ሲጻፍ ከ«ከ» በፊት ይገኛል። ባለቤቱ ስሙን የሚጽፍበትን መርጦ በዚያው መጽናት፣ በሌላው ፊደል ለሚፈልግም ወደ ትክክለኛው ገጽ የሚመራ መጠቆሚያ መተው ያስፈልጋል።

በመጨረሻም መደቦቻችን ከእኛው ኪነ ጥበብ የተወለዱ ሊሆኑ ይገባል። አዝማሪ ግጥሙን ራሱ ይፈጥራል፣ ማሲንቆውን ራሱ ይመታል፣ ራሱም ይዘፍናል። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መደብ ብቻ ካለን ይህን ሰው ገጣሚ፣ ሙዚቀኛና ዘፋኝ እያልን ሦስት ቦታ ቆራርጠን እንጥለዋለን። «አዝማሪ» የሚለው ስም በአንዳንዱ አፍ ስድብ ሆኖ መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ሙያውን በስሙ ጠርቶ በክብር መጻፍ ስድቡን ያጠፋል እንጂ አያጸናም። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱ ናቸው፤ «ጃዝ» ብሎ ብቻ መመደብ የሥራቸውን ሥር ይደብቃል።

ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ሥራ ቢይዙት ብዙ ድካም የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ተማሪ በሳምንት የአንድ ከያኒ ገጽ ይመልከት፤ ማስረጃውን ያንብብ፤ የጎደለውን መደብ ይጨምር፤ የተሳሳተውንም «ውይይት» በሚለው ገጽ ምክንያቱን ጽፎ ያርም። በመሥሪያ ቤት መዝገብ የያዘ ወጣት ሹምም ይህን ሚዛን ወደ ጠረጴዛው ቢያመጣው ይጠቅመዋል፤ የባለጉዳይ ፋይል በተሳሳተ ክፍል ሲገባ ባለጉዳዩ መጥፋቱን ያውቃልና። እኛ ከያንያኖቻችንን በእውነተኛ ስማቸውና በእውነተኛ ሥራቸው ካልመደብናቸው፣ የማያውቃቸው ሰው በሚያውቀው ቃል ይመድባቸዋል፤ ልጆቻችንም የሚያገኙዋቸው እርሱ ባስቀመጣቸው ቦታ ይሆናል።