ከሚኪ ማውስ ጋራ ለመመገብ ይህን ያህል ገንዘብ ይገባልን?



«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አባቶቻችን ይህን ሲሉ፥ እንግዳን ደስ የሚያሰኘው ከቀረበለት ምግብ ይልቅ የጋባዡ ብሩህ ገጽ ነው ማለታቸው ነው። በአሜሪካ አገር የሚገኘው የዲዝኒ ኩባንያ ተረቱን ሳይሰማ ምሥጢሩን አውቆ ትልቅ ንግድ አድርጎታል። በእርሱ የመዝናኛ ፓርኮች ውስጥ ምግቡ ለስሙ ይቀርባል እንጂ የሚሸጠው ፊቱ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ታዲያ ይህ ገንዘብ ይገባዋልን? ወይስ ከንቱ ወጪ ነው? በዚህ ጽሑፍ የራሴን አስተያየት ለመግለጽ እሞክራለሁ።

«ፍሎሪዳ ያለ ምሳ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን ከምናስበው ይልቅ ቅርብ ነው። በዋሽንግተን፥ በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ዘመድ ያለን ብዙዎች ነን። የእነዚህ ዘመዶቻችን ልጆች እዚያው ተወልደው እዚያው የሚማሩ ስለሆኑ፥ የክፍል ጓደኞቻቸው የዕረፍት ጊዜያቸውን የት እንዳሳለፉ ሲያወሩ ይሰማሉ፤ ሰምተውም ለወላጆቻቸው ይናገራሉ። ወላጆችም ገንዘብ አጠራቅመው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉ በስልክ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ያን ጊዜ በየቤታችን ችሎት ይቀመጣል፤ «ለአንድ ማዕድ ይህን ያህል ዶላር!» ተብሎም ተከሳሹ በሌለበት ይፈረድበታል።

ከመፍረድ በፊት ግን ነገሩን መርምሮ ማወቅ ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሚኪ ማውስ የተባለው አይጥ በፊልም ተወዳጅ የሆነው ከ1928 ጀምሮ ነው። ፈጣሪው ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን ፓርክ በካሊፎርኒያ በ1955 ከፈተ። እርሱ በ1966 ከሞተ በኋላ ደግሞ፥ በ1971 በፍሎሪዳ በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ ሁለተኛውና እጅግ ሰፊ የሆነው ተከፈተ። በእነዚህ ቦታዎች ልዩ የሆኑ የምግብ ቤቶች አሉ። እንግዳው በጠረጴዛው ተቀምጦ ሲበላ፥ በፊልም የሚያውቃቸው ገጸ ባሕርያት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞሩ ይጎበኙታል። ከልጁ ጋራ ይተቃቀፋሉ፥ በደብተሩ ላይ ይፈርሙለታል፥ ፎቶግራፍም አብረው ይነሣሉ። ትልቅ ጭምብል ያጠለቁት፥ እንደ ሚኪና እንደ ዶናልድ ዳክ ያሉት፥ አይናገሩም፤ በእጅና በአንገት ምልክት ብቻ ይግባባሉ። ፊታቸው የሚታየው ልዕልቶች ግን ከልጁ ጋራ ይጨዋወታሉ።

የምግብ ቤቶቹም ዓይነት ልዩ ልዩ ነው። ሼፍ ሚኪስ የተባለው በአንድ ሆቴል ውስጥ ስለሚገኝ የፓርኩን መግቢያ ትኬት ሳይገዙ ሊበሉበት ይቻላል። የሲንደሬላ ንጉሣዊ ማዕድ የሚባለው ግን 57 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለሆነ፥ ከምግቡ ዋጋ በፊት የፓርኩን መግቢያ መክፈል ግድ ነው። ተስከር ሃውስ የሚባለውም አለ። ይህ የምሥራቅ አፍሪካን ከተማ በማስመሰል በተሠራ ሐራምቤ በተባለ መንደር ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፥ ዶናልድ ዳክ የአዳኝ ልብስ ለብሶ ይዞርበታል። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ የገባ አባት፥ አፍሪካን ለማየት በፍሎሪዳ ትኬት ሲቆርጥ ሳያስቀው አይቀርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ዋጋው እንደ ቤቱና እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ ነገር ግን ለስሌት ያህል ለአዋቂ 70፥ ለልጅ 45 ዶላር ብንይዝ ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። አባት፥ እናትና ሁለት ልጆች ቢቀመጡ 230 ዶላር ይሆናል። የአገሩ ቀረጥ በመቶ 6.5 ሲጨመር 15 ዶላር ያህል ነው። ለአስተናጋጁ በመቶ 18 ጉርሻ ቢሰጥ 41 ዶላር ያህል ይሆናል። ድምሩ 286 ዶላር ነው። የሚበላው ግን እንቁላል፥ ዶሮ፥ ድንችና ጣፋጭ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ዶላሩን ወደ ብር ለውጠን እንደነግጣለን። በበኩሌ ይህ ስሌት ትክክለኛ አይመስለኝም። በዶላር የሚያገኝ ሰው የቤት ኪራዩንም፥ ዳቦውንም፥ የልጁን ሞግዚትም በዶላር ይከፍላል። ትክክለኛው መለኪያ የሥራ ሰዓት ነው። በ2023 ኩባንያውና በፍሎሪዳ ያሉት የሠራተኞቹ ማኅበራት ባደረጉት ስምምነት ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት ወደ 18 ዶላር ከፍ እንዲል ተወስኗል። በዚህ መጠን የሚከፈለው ሰው 286 ዶላር ለማግኘት 16 ሰዓት፥ ይኸውም ሁለት ሙሉ ቀን፥ መሥራት አለበት፤ ያውም የገቢ ግብር ሳይቀነስበት ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ስንት ብር ነው?» ሳይሆን «አንድ ሰዓት ተኩል ለሚቆይ ማዕድ የሁለት ቀን ድካም ይገባዋልን?» የሚል ነው።

በዚህ ነገር ፍጹም ገለልተኛ ዳኛ ነኝ አልልም። ከትምህርት ቤት ክፍያዬ ከፊሉ የሚመጣው በሜሪላንድ ከምትኖረው አክስቴ ነው። እርሷም ለስድስትና ለስምንት ዓመት ልጆቿ ይህን ማዕድ ልትይዝ አስባ እናቴን በስልክ ባማከረቻት ጊዜ ቤታችን በሁለት ተከፈለ። አጎቴ «ለአይጥ ከሚከፈል ለአያታችሁ መድኃኒት ቢላክ ይሻላል» አሉ። እናቴ ደግሞ «ገንዘቡም የእርሷ ነው፥ ልጆቹም የእርሷ ናቸው» አለች። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ስለዚህ መልሴን በዚህ መጽሔት እሰጣለሁ።

የአጎቴ አሳብ ክብደት የሌለው አይደለም። የመድኃኒት ነገር ከጨዋታ ይቀድማል። መድኃኒቱ ሳይላክ ቀርቶ ማዕዱ ቢያዝ ኖሮ እኔም ከእርሳቸው ጋራ እቆም ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱም ክፍያውም በየወሩ ሳይጓደል ከተላከ በኋላ የቀረውን እያንዳንዱን ዶላር «ይህስ ለምን አልተላከም?» ብሎ መጠየቅ፥ ሰጪውን ሰው ሳይሆን ቧንቧ አድርጎ መቁጠር ነው። እኛ ተቀባዮች የምንጠጣውን ማኪያቶና የምናየውን ኳስ ሒሳብ ለላኪው አቅርበን አናውቅም። ልጆቿ ደግሞ እናታቸው ሌሊት ስትሠራ እያደሩ የከፈሉት የራሳቸው ድርሻ አለ።

ይህን ካልሁ በኋላ በማዕዱ ላይ የሚቀርቡትን ሦስት ነቀፌታዎች ልመርምር።

የመጀመሪያው «ምግቡ ዋጋውን አያወጣም» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩን አይነካም። በሠርግ ቀን ሙሽራውን «የጥብሱ ዋጋ ስንት ነበር?» ብሎ የሚመዝነው የለም። ምግብ ብቻ የፈለገ ቤተ ሰብ በኦርላንዶ ከተማ በጥቂት ገንዘብ ጠግቦ ሊወጣ ይችላል። ወደዚህ ማዕድ የሚሄድ ሰው ምግብ ፍለጋ መሄድ የለበትም፤ ለምግብ ብሎ ከሄደ በእርግጥ ተታልሏል።

ሁለተኛው «ገጸ ባሕርያቱ በፓርኩ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኛሉ» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ብርቱው ነቀፌታ ይህ ነው። ዳሩ ግን በፓርኩ ውስጥ ያለው ግንኙነት በሰልፍ ነው። ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር በላይ መግቢያ የከፈለ አዋቂ፥ ቀኑን በሰልፍ ቢጨርሰው ያም ወጪ ነው። እንግዲህ ምርጫው በገንዘብና በጊዜ መካከል ነው። ብዙ ቀን የሚቆይና ትዕግሥተኛ ልጆች ያሉት ሰው ሰልፉን ይምረጥ፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ግን ማዕዱን ቢመርጥ አላዋቂ አይባልም።

ሦስተኛው «ፈገግታው የተገዛ ስለሆነ ሐሰት ነው» የሚል ነው። ስለዚህ ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል። ከጭምብሉ በታች በሙቀት የሚያልበው ደመወዝተኛ ሰው ነው። በ2024 በሜይ ወር በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ ይህን ሥራ የሚሠሩ 1,700 ያህል ሠራተኞች በድምፅ ወስነው የተዋንያንን ማኅበር ተቀላቅለዋል። ስሙ ራሱ ነገሩን ይነግረናል፤ እነርሱ ተዋንያን ናቸው። በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ የሚያለቅሰውን ተዋናይ «እንባህ የተከፈለበት ነው» ብለን አንነቅፈውም። ደግሞም የሰው ቅርበት ትርጉም ያለው መሆኑን የወረርሽኙ ዘመን አሳይቷል። ፓርኮቹ በመጋቢት 2020 ተዘግተው የፍሎሪዳው በሐምሌ ከተከፈተ በኋላ፥ ገጸ ባሕርያቱ ለረጅም ጊዜ ከሩቅ እጃቸውን ከማወዛወዝ በቀር ወደ ልጆቹ አይቀርቡም ነበር። መተቃቀፍ የተመለሰው በሚያዝያ 2022 ነው። በዚያ መካከል የሄደ ልጅ ሚኪን አይቶታል፤ ነገር ግን አላቀፈውም። ልዩነቱን ለማስረዳት ፈላስፋ አያስፈልግም።

ስለዚህ ማዕዱን በጅምላ አልነቅፍም። ነገር ግን ለሁሉም ሰው ይገባል ማለቴ አይደለም። ወላጅ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚከተሉትን ነገሮች ቢመረምር ይጠቅመዋል።

አንደኛ፥ የልጁ ዕድሜ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነጻ ይበላል፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚበልጥ ጭንቅላት ያለው አይጥ ሲመጣበት ሊደሰት ቀርቶ ሊያለቅስ ይችላል፤ ዕለቱንም አያስታውሰውም። ከአሥር ዓመት ጀምሮ ደግሞ እንደ አዋቂ ያስከፍላል። ልጁ በተረቱ ማመን በሚተውበት ዕድሜ ዋጋው መጨመሩ የሚያስገርም ነው። እንግዲህ ለዚህ ማዕድ የሚስማማው ከአራት እስከ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ያለው ልጅ ነው።

ሁለተኛ፥ ፍላጎቱ የማን ነው? ልጁ ራሱ ሲንደሬላን እየጠራ ከሆነ መልካም ነው። ወላጁ የጎረቤቱን ፎቶግራፍ አይቶ ከሆነ ግን «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» የሚለውን ተረት ያስታውስ። ለእኛ ለአዲስ አበባዎቹ ለማሳየት ከሆነም አይድከም፤ የምንሰጠውን ፍርድ ከላይ ተናግሬአለሁ።

ሦስተኛ፥ ገንዘቡ በእጅ አለ ወይስ በብድር ካርድ ነው? ለዚህ ጨዋታ መበደር በእውነት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ልጁ ደስታውን በአንድ ጧት ይጨርሰዋል፤ አባቱ ግን ወለዱን ለወራት ይከፍላል።

አራተኛ፥ ወላጁ ራሱ በማዕዱ ይገኛልን? ይህን ስል በአካል ብቻ ማለቴ አይደለም። አባት ስልኩን ይዞ ቪዲዮ ብቻ ሲያነሣ፥ እናት ከሥራ ቦታዋ ለመጣ መልእክት ስትመልስ ማዕዱ ቢያልቅ፥ ልጁ ያገኘው የተዋናዩን ፊት ብቻ ነው። ሁለት ሥራ በሚሠሩ ወላጆች ቤት ያደገ ልጅ የሚራበው የሚኪን ፊት ብቻ አይደለም። አባትና እናቱ በአንድ ጠረጴዛ፥ በአንድ ሰዓት፥ ሳይቸኩሉ ተቀምጠው ሲስቁ ማየትን ይራባል። ይህ በሜሪላንድ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም ያለ ረኃብ ነው። በእኔ አስተያየት 286 ዶላሩ ዋጋ የሚያገኘው ይህ ሲሟላ ነው። ይህ ካልተሟላ ግን ገንዘቡ በከንቱ ጠፍቷል ብሎ የተናገረ ሰው አልተሳሳተም።

ከዚህ በላይ የተናገርሁትን አሳብ በቤታችን ወደ ተከፈተው ክርክር ስመልሰው ውሳኔዬ ግልጽ ነው። አክስቴ ሆይ፥ ልጆችሽ በትክክለኛው ዕድሜ ላይ ናቸው። ገንዘቡንም ያለ ብድር አጠራቅመሻል። ወረፋው ከ60 ቀን በፊት ስለሚከፈት ቀኑን አስልተሽ አንዱን ማዕድ ብቻ ያዢ። የመግቢያ ትኬት የማይጠይቀውን የሆቴሉን ብትመርጪ ወጪው ይቀልልሻል። ለአስተናጋጁም ጉርሻውን አትንፈጊ፤ እርሱም እንዳንቺ በሰዓት የሚከፈለው ሰው ነው። ስልክሽን በቦርሳሽ ክተቺ። አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ላኪልን፤ ለአጎቴ እኔ አሳያቸዋለሁ።