«ጨጓራ ነው» ከማለትዎ በፊት

የሆሳዕናን ወይም የዱራሜን ዳገት ሲወጡ ደረትዎን የሚጫን፣ ሲያርፉ የሚለቅ ሕመም ካለ በአተካናው ቅቤ አያሳብቡ፤ የልብ ደም ሥር ጠቦ ሊሆን ይችላል።

ተኝተው የተነሡት ኢሲጂ «ደህና ነው» መባሉ ብቻውን አያስተማምንም። ኢኮም የልብን ጡንቻና ቫልቮች እንጂ የደም ሥሩን ጥበት በቀጥታ አያሳይም። መጠኑ የሚታየው በቀለም በሚነሣ ሲቲ ስካን ወይም በእጅ አንጓ በሚገባ ቀጭን ቱቦ በሚሠራ አንጂዮግራፊ ነው፤ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከጠበበ እንደ ከባድ ይቆጠራል። ዋጋው ቀላል አይደለምና «ምን ሊያሳየኝ ነው?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር የለውም። ኩላሊትዎን የሚያምዎ ከሆነ ከቀለሙ በፊት ይናገሩ።

ሕመሙ አርፈውም ካልለቀቀ ግን ሪፈር አይጠብቁ፤ ንግሥት እሌኒ መሐመድ ሆስፒታልም ይሁን ሌላ፣ ቅርብዎ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ወዲያውኑ ይሂዱ።