ከቀለም በፊት ፍሬን



በግቢያችን ስለ አሮጌ መኪና ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ይናገራል። አንደኛው ወገን «በተማሪ ኪስ መኪና ማሳመር ቅንጦት ነው፤ ሕዝብ ተሰልፎ ታክሲ ሲጠብቅ እናንተ ቆርቆሮ ትቀባላችሁ» ይለናል። ሁለተኛው ወገን አሮጌ ላዳ ወይም ዲኤክስ ኮሮላ ይገዛና ማርሚታውን አውልቆ፣ ሞላውን ቆርጦ፣ መስተዋቱን አጥቁሮ ሲያበቃ «ሠራኋት» ይላል። ይህ ጽሑፍ የሁለቱንም ወገን አሳብ ይቃወማል። የመጀመሪያው ለድኻ የተከራከረ ይመስለዋል፤ ድኻው በምን ወደ ቤቱ እንደሚገባ ግን አልጠየቀም። ሁለተኛው መኪና የሠራ ይመስለዋል፤ የሠራው ግን የመኪናውን ልብስ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ገዢውን እንወቀው። የባለጸጋ ልጅ አሮጌ መኪና አይገዛም፤ አዲስ ይገዛለታል። ባለ አራት በሩን አሮጌ ላዳ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ የማታ ተማሪ ነው። ቀን ይሠራል፣ ማታ ይማራል፣ የመሐል ከተማውን የቤት ኪራይ ስለማይችል ሰበታ ወይም ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ያድራል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ተብለዋል፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ መንገዱ አላጠረም። የማታው ትምህርት ሲያበቃ የሚኒባሱ ረዳት ዋጋ ይጨምራል፣ አለዚያም «ከአስኮ በላይ አልሄድም» ይላል። በተለይ ሴት ተማሪ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በጨለማ መንገድ ዳር መቆም ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለች። ስለዚህ የአንድ አቅጣጫ ልጆች አራትም አምስትም ሆነው ዕቁብ ይጥላሉ፤ ታክሲነት የበቃውን ላዳ በጋራ ይገዛሉ፤ ቤንዚኑንም ይካፈላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ይኸው ነው። ይህን ቅንጦት የሚል ሰው መኖሪያው ከግቢው አጥር ሥር ቢሆን ነው።

«አሮጌ መኪና ከአገር ይጥፋ» የሚሉም አሉ። ምኞቱ ደግ ነው፤ ሒሳቡ ግን አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በጨመረ መጠን ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሄደው በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ወሰነ። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ አገሪቱን እንዳስጨነቀ እናውቃለን፤ ውሳኔው ምክንያት የለውም አንልም። ነገር ግን አዲሱን የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የሚችለው ማነው? የዕቁብ ልጆች አይደሉም። አዲስ በውድ ሲገባ ባለው አሮጌ የሚነዳው ሰው ቁጥር አይቀንስም፤ እንዲያውም ትላንት ይጣል የነበረው መኪና ዛሬ ይጠገናል፣ ነገም ይሸጣል። ከእ.ኤ.አ. 1960 ወዲህ የአሜሪካ መኪና በር የተዘጋባት ኩባ የዚያን ዘመን መኪናዎች እስካሁን የምትነዳው ከሌላ መኪና ሞተር እያወጣች እየገጠመች፣ የጠፋውን ዕቃ በእጅ እየቀረጸች ነው። እንግዲህ አሮጌው መኪና ከእኛ ጋር ይኖራል። የሚቀረው ጥያቄ ማን፣ በምን ዕውቀት፣ ከየትኛው ብሎን ጀምሮ ይሠራዋል የሚለው ነው።

ማሻሻል ማለት ምን እንደ ሆነ ከላዳው ከራሱ እንማር። ላዳ ሲወለድ የተሻሻለ መኪና ነበር። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የጣልያን ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ፈቃዱን ገዝተው በቶልያቲ ከተማ ፋብሪካ ተከሉ፣ በ1970ም መኪናውን ማውጣት ጀመሩ። ፊያቱን ግን እንዳለ አልገለበጡትም። ላሜራውን አወፈሩት፤ ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በታምቡር ለወጡት፤ ሞተሩንም ለወጡት፤ በጠቅላላው የተነካው ነገር ከ800 ይበልጣል። ለምን? የሩሲያ ብርድና የሩሲያ ጭቃ የቶሪኖን መንገድ ስለማይመስል ነው። እነዚያ መሐንዲሶች በመጀመሪያ የጠየቁት «መንገዱ ምን ይመስላል?» ብለው ነው። የእኛ ጎረምሳ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ያየኛል?» ብሎ ነው። ስለዚህም እነሱ ለክፉ መንገድ አስበው ከፍ ያደረጉትን መኪና እሱ ሞላ ቆርጦ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ጉድጓድ የዘይት ቋቱ ሲቀደድ ማዘጋጃ ቤቱን ይሰድባል።

መንገዳችንስ ምን ይመስላል? ሱሉልታ የሚኖር ተማሪ በየቀኑ የእንጦጦን ተራራ ይሻገራል፤ ወጥቶ ይወርዳል። አሮጌ የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይጠጣል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ እግር ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ዘይቱን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ከአንድ ጥንድ ድምፅ ማጉያ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ደግሞም በሱሉልታ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቦራተር እዚህ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ቤንዚን ያፈሳል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሞተሩ ይደክማል፤ ኪሳችን ይራቆታል። የካርቦራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ አነስ ባለው ለውጦ እሳቱን ጥቂት ማስቀደም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ማርሚታ በማውለቅ ጉልበት የሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ ይህን ያድርግ፤ ማርሚታ ስለ ወለቀ የሚጨምረው ጩኸት ነውና።

በቡራዩ በኩል ያለው የአምቦ መንገድ በምሽት የጭነት መኪና መንገድ ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው መብራት ነው። የአሮጌ መኪና መብራት የሚፈዘው አብዛኛውን ጊዜ አምፖሉ ስለ ደከመ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ በቀጭንና በዛገ ሽቦ፣ በተቃጠለ ማብሪያ በኩል ዞሮ ስለሚደርስ ነው። ወፈር ያለ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ በሪሌ በኩል ቢዘረጋለት ያው አምፖል ይነጋለታል። ይህን ትቶ ለዚያ ቤት ያልተሠራ ነጭ አምፖል የሚሰካ ሰው ለራሱ ሳያይ የመጪውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ሰበታ የሚያልፈው የጅማ መንገድ ከዓለም ገና ጀምሮ ከባድ መኪና የበዛበት ነው፤ ወደ ውስጥ ሰፈር ሲታጠፉ ደግሞ ድንጋይና ጭቃ አለ። እዚያ የሚያልቀው የመሪው መገጣጠሚያ፣ ጎሚኒውና ኩሽኔታው ነው። መሪው ሲንቀጠቀጥ ራዲዮ ከፍ አድርጎ ላለመስማት መሞከር መፍትሔ አይሆንም።

እንግዲህ የዕቁቡ ብር ቅደም ተከተል ይኑረው። የመጀመሪያው ብር ለፍሬን ነው፦ ሸራው፣ ቱቦው፣ ዘይቱ። ሁለተኛው ለጎማ። በጎማው ጎን አራት ቁጥር ታትሞ ታገኛላችሁ፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ መስሎ ጎማው ያረጀ ሊሆን ይችላልና ሻጩን ከመስማት በፊት ቁጥሩን አንብቡ፤ ማንበብ የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ብር ለመሪና ለሞላ፣ አራተኛው ለመብራት፣ ለፍሬቻና ለወንበር ቀበቶ ይሁን። ከዚያ በኋላ ካንዴላና ካርቦራተር። ከዚያ የወለሉ ዝገት ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየድ። ዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መርጨት ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደ ተባለው ነው፤ አንድ ክረምት ሳይሞላው ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የተረፈ ብር ካለ ወንበሩን አልብሱ፣ ቸርኬውን አሳምሩ፣ የወደዳችሁትን ቀለም ቀቡ። ውበት ኃጢአት አይደለም። ተራውን ይጠብቅ ነው የምንለው።

ሕጉንም አንርሳ። መኪና የሚታወቀው በሊብሬው ነው፤ ሞተር የለወጠ፣ ቀለም የለወጠ፣ አካል የቆረጠ ሰው ይህንኑ አስመዝግቦ በሊብሬው ማስጻፍ አለበት። ሳያስጽፍ ቢቀር ቀድሞ የሚያገኘው ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ አምስቱ ባለ ዕቁቦች የሚጣሉትም ያን ዕለት ነው። ለቦሎ ምርመራ ደህና ጎማ ተውሶ በማግሥቱ የሚመልስም ቢኖር መርማሪውን አሞኘሁ አይበል፤ ከኋላው የተቀመጡትን ሦስት ጓደኞቹን ነው ያሞኘ። ስፖኪዮም ሲገዛ ከየት እንደ መጣ ይጠየቅ። ርካሽ ነው ብሎ ዝም የሚል ገዢ ነገ የራሱ ስፖኪዮ ሲነቀል ደመወዝ የከፈለው እሱ መሆኑን ይወቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህን ሥራ ለመሥራት ዕውቀቱ የት ነው ያለው? በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገድ ዳር፣ ዘይት በጠጣ መሬት ላይ፣ ከመኪና ሥር በጀርባው የተኛው ባለ እጅ ዘንድ ነው። ሞተሩን በጆሮው ያውቀዋል። ነገር ግን የተቀጣጣይ ጋዝን ቀመር ሰሌዳ ሙሉ የሚጽፍ የምህንድስና ተማሪ ካርቦራተር ፈትቶ ሳያይ የሚመረቅበት ጊዜ አለ፤ ባለ እጁም የሚሠራው ነገር ለምን እንደሚሠራ የሚነግረው ሳያገኝ ያረጃል። ሁለቱን የሚለያቸው የመንገድ ርቀት አይደለም። ንቀት ነው።

ንቀቱም አዲስ አይደለም። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በል፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ ብለን የኖርን ሕዝብ ነን። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክለውን አዋጅ ያስነገሩትም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ስጦታ መጣልን። መኪናውን ተቀበልን፤ አዋጁን ረሳነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ዛሬም ልጁ ጋራዥ ገባ የተባለ አባት እንደ ተረታ ሰው አንገቱን ይደፋል። በሌላ አገር የተሠራውን መንዳት ክብር፣ የተበላሸውን ማዳን ውርደት የሚሆንበት አገር ምን ዓይነት ሥልጣኔ ይጠብቃል?

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው። በአገራችን በየዓመቱ በሺሕ የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል፤ ብዙዎቹ መኪና የሌላቸው እግረኞች ናቸው። የእኛ ላዳ ፍሬን ሲያጣ የሚገጨው አስኮ ላይ በቆሎ የምትጠብሰዋ እናት ልትሆን ትችላለች። የተቀባውን ቀለም አይታ አትሸሽም።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለቀንም ለማታም ተማሪ ይከፈት፤ ከሦስቱ ከተሞች ጋራዦች ባለ እጆች ተጠርተው፣ እንደ እንግዳ አስተማሪ ተከብረውና ተከፍሏቸው ያስተምሩ። ሁለተኛ፣ መምህሮቻችን አንድን አሮጌ መኪና ለአገራችን ከፍታና መንገድ ማስማማትን ለመመረቂያ ሥራ የሚበቃ ርዕስ አድርገው ይቀበሉ፤ ሶቪየቶች በፊያት ላይ የሠሩት ሥራ ለምህንድስና የበቃ ከሆነ የእኛም ይበቃል። ሦስተኛ፣ ማኅበሩ አንድ ሙሉ የመፍቻ ሣጥን፣ አንድ ክሪክና የባትሪ መለኪያ ገዝቶ እንደ መጽሐፍ ያውስ።

እናንተም ቅንጦት ነው የምትሉን ወንድሞች፣ ቅዳሜ ኑና ክሪኩን ያዙልን። እናንተም ማርሚታ የምታወልቁ፣ ማርሚታውን መልሱና ታምቡሩን ክፈቱ። ከቀለም በፊት ፍሬን!

አንድ የማታ ተማሪ፣ ከቡራዩ