«አማዞን ላይ አውጣው» ለሚሉ መካሪዎች

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ «መጽሐፍ ጽፌያለሁ» የሚል ሰው፣ የአጠና ተራ ልጅ ይሁን የዓለም ባንክ፣ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ወረቀት ተወዷል፤ ማተሚያ ቤት ምን አስኬደህ? አማዞን ላይ አውጣው፤ ነፃ ነው፤ ዓለም ያነብሃል።» መካሪው ክፋት የለበትም። ምክሩ ግን ባዶ ነው። ባዶ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን፤ መጨረሻው ላይ ጥፋቱን «አልሞከርክም» ብሎ ደራሲው ላይ የሚጥል ምክር ስለሆነ ነው ዝም የማይባለው።

እስኪ ከበሩ እንጀምር። የአማዞን የራስ ኅትመት አገልግሎት ኢ-መጽሐፍ የሚቀበልባቸውን ቋንቋዎች ዘርዝሮ አስቀምጧል። ኮርኒሽ አለ። ማንክስም አለ፤ የመጨረሻው ነባር ተናጋሪው እ.ኤ.አ. በ1974 የሞተ፣ ዛሬ በተማሪዎች ብርታት እያንሰራራ ያለ የአንዲት ትንሽ ደሴት ቋንቋ። እሰየው፣ ይኑሩ! አማርኛ ግን የለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«ፊደሉ አስቸጋሪ ሆኖ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኪንድል ገበያ ላይ ከመዋሉ 8 ዓመት ቀድሞ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪንድል ለሂንዲና ለታሚል በሩን ሲከፍት ፊደላቸው ከእኛው ቀሎት አይደለም። የእነሱ ፊደል እርስ በርሱ እየተጣበቀ ቅርጹን ይለዋውጣል፤ የእኛው እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይቆማል። ልዩነቱ ገበያ ነው፤ የእኛን ገበያ ደግሞ ቆጥሮ ያሳየላቸው የለም።

«እንግሊዝኛ ነው ብለህ መዝግበዋ! ማን ያውቃል?» ይህ ደግሞ ሁለተኛው ምክር ነው። ቋንቋውን ክዶ የገባ መጽሐፍ የተነቃበት ቀን ከመደርደሪያ ቢወርድ ማን ይከራከርለታል? አማርኛ ፈልጎ የመጣው አንባቢስ በምን ያገኘዋል? ልጅን በሐሰት ስም ትምህርት ቤት አስመዝግቦ የምስክር ወረቀቱን እንደመጠበቅ ነው።

ገንዘቡስ? ለደራሲው 70 በመቶ የሚከፈለው ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ሲሆን ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው፣ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው የደራሲው ድርሻ 30 በመቶ ለግብር ይቀነሳል። ከ100 ሳንቲም 49 ቀረ ማለት ነው፤ እሱም ሌላ ወጪ ሳይነሳለት። አየር ጤና ያለው አንባቢ ደግሞ ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከወረደ በኋላ ለትንሿ 2.99 ዶላር ከ300 ብር በላይ ማውጣት አለበት፤ ያውም የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ካለው።

በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ፣ ውጭ አገር ባንክ ላለው ሰው መንገዱ ክፍት ነው፤ ይሂድበት። ለአማርኛ ደራሲ ግን ሥራው ያለው እዚሁ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ በእጃችን አለ፤ 50 ብር ለመክፈል ዶላር አያስፈልግም። የአገር ውስጥ የንባብና የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያዎችም ተፈጥረዋል። የቅጂ መብትን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ዛሬም አዲስ መጽሐፍ በወጣ ሳምንቱ «ፒዲኤፉ ያለው?» እያልን ቴሌግራም ላይ እንጠይቃለን። ያ ፒዲኤፍ የአንድ ሰው የዓመታት ሌሊት ነው።

የደራስያን ማኅበርና አሳታሚዎች በአንድ ድምፅ «አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ትግርኛን ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡ» ብለው በይፋ ይጠይቁ። ጥያቄው ግን ክብደት የሚኖረው እዚህ የሚገዛ አንባቢ ሲቆጠር ነው። ስለዚህ መካሪ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «አማዞን ላይ አውጣው» ከማለትህ በፊት አንድ ጥያቄ መልስ፦ የመጨረሻውን የአማርኛ መጽሐፍ በስንት ብር ገዛህ?